ካሴት ጠጋኟ ዘኪያና የሦስቱ ቤቶች ድምፅ

እማማ ኛጋይ ወደ ዘኪያ ሱቅ የገቡት በማለዳ ነው፤ የጋምቤላ ፀሐይ ገና ሳትበረታ። በእጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ካሴት ይዘዋል። ጨርቁን ሲፈቱት ካሴቱ ጎኑ ተሰንጥቋል፤ ጥቁሩ ክር ከሆዱ ተጎልጉሎ ወጥቶ እርስ በርሱ ተተብትቧል።

«ፍየል በላው» አሉ። ቤታቸው የሚወራው ኑዌርኛ ነውና አማርኛቸው አጭር ነው። «ግማሽ በላ። ግማሽ አለ። ወንድሜ እዚህ ውስጥ ነው።»

«ወንድምዎ?»

«ስሙ ዋል። እሱ ሞተ። ድምፁ አልሞተም። አንቺ ታወጪዋለሽ አሉኝ።»

ዘኪያ ካሴቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ፍየሉ አልማረውም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ከማዘን ይልቅ እጇን የሚበላት ሴት ነበረች። «ይተዉልኝ፤ ዓርብ ይምጡ» አለቻቸው።

ዘኪያ አብዱልባሲጥ የተወለደችው ወሎ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ቤተሰቧ ከሌሎች ብዙ ቤተሰቦች ጋር ወደ ጋምቤላ መጥቶ አቦቦ ሲሠፍር ገና ልጅ ነበረች። አባቷ አቶ አብዱልባሲጥ አፈሩንም ዝናቡንም እንደ አዲስ ተምረው በቆሎና ማሽላ ማብቀል ጀመሩ። ሲመሽ ደግሞ ጎረቤቱን ሰብስበው መንዙማ ያወርዱ ነበር፤ የእሳቸውን ድምፅ የሰማ ሰው ወሎ የተመለሰ ይመስለዋል ይባልላቸዋል። ዘኪያን ግን ከሁሉ በላይ የሳባት አጎቷ ከሠፈራው ማኅበር ተቀብሎ የሚጠግነው ሬዲዮ ነው። ጀርባው ተፈትቶ ሽቦውና ጥቃቅን ዕቃው ሲታይ ከአጠገቡ አትነቃነቅም። አጎቷ መጀመሪያ አባረራት፤ ኋላ መፍቻ አቀብይኝ አላት፤ በመጨረሻ መፍቻውን እጇ ላይ ጥሎላት ሄደ።

መንግሥት ሲለወጥ ከሠፋሪው ብዙው ወደ ወሎ ተመለሰ። አቶ አብዱልባሲጥ ግን «እኔ ሁለት ጊዜ አልነቀልም» ብለው አቦቦ ቀሩ። ዘኪያ ጋምቤላ ከተማ ገብታ ገበያው ጫፍ ላይ ሱቅ ከፈተች። ካሴት ትሸጣለች፣ ትቀዳለች፣ ቴፕና ሬዲዮ ትጠግናለች። ጋምቤላ የራሷን ክልል ይዛ፣ ቢሮ በቢሮ ላይ እየተከፈተ፣ ሰዉ በየቋንቋው ዘፈን እየቀዳ የሚሸጥበትና የሚሰጣጥበት ዘመን ነበር። ደገኛው ነጋዴ፣ አኝዋው ተማሪ፣ ኑዌሩ ወታደር፣ ከፑኝዶ የስደተኞች ጣቢያ የሚመጣው ሱዳናዊ ሁሉ እዚያች ሱቅ በር ላይ ይገናኛል። ዘኪያ ቋንቋዎቹን በደንብ ባትናገርም ዜማቸውን ከዳር እስከ ዳር ታውቃለች።

የእማማ ኛጋይን ካሴት መጠገን ቀላል አልነበረም። የተወሳሰበውን ክር በጣቷ ጫፍ ፈታች፤ አልኮል በነካ ጥጥ ጠረገችው፤ ፍየሉ ያላመጠውን ቆርጣ ጥላ የተረፈውን በስስ ማጣበቂያ ቀጠለችው። ከዚያ ከሌላ ካሴት ቀፎ አውጥታ በውስጡ ጠቀለለችው። ዓርብ እማማ ኛጋይ ሲመጡ በርጩማ ሰጥታቸው ቴፑን ከፈተች።

መጀመሪያ የተሰማው የክሩ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የከብት ደወል። ከዚያ በኋላ የወጣት ወንድ ድምፅ፣ ደረቱን ከፍቶ፣ ቀንዱ ለተጠማዘዘ ነጭ በሬው ሲዘፍን።

እማማ ኛጋይ አላለቀሱም። ቀስ ብለው ከበርጩማው ተነሡ፤ ሁለት እጃቸውን እንደ በሬው ቀንድ ወደ ላይ ቀሰሩና ለወንድማቸው መልስ መዝፈን ጀመሩ። እሱ ሲያቆም እሳቸው ይቀበላሉ፤ እሳቸው ሲያበቁ እሱ ይቀጥላል። ሳሙና ሊገዛ የወጣው፣ ዓሣ የሚሸጠው፣ ብስክሌት የሚገፋው ሁሉ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ከመሃል አንዷ እልል አለች። ቴፑ ክሩ ተቆርጦ ከቀረበት ቦታ ሲደርስ ድንገት ጸጥ አለ። እማማ ኛጋይ ግን አላቆሙም፤ ፍየሉ የበላውን ቀሪውን ራሳቸው ዘፍነው ጨረሱት።

«ይሄን ያዳንሽው አንቺ ነሽ?» አለ ከሕዝቡ መሃል እየተጋፋ የገባ ቀጭን ረጅም ወጣት። ኦፒየው ይባላል፤ አኝዋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ ተመልሶ በክልሉ ባህል ቢሮ የቅርስ ባለሙያ ሆኗል።

«እኔ ምን አዳንኩ? ፍየሉ የተወውን ነው የቀጠልኩት።»

«ነይ! አሁኑኑ ነይ፤ የማሳይሽ ነገር አለ!»

«ሱቄን ትቼ?»

«ጎረቤትሽ ይጠብቅልሽ! ዘኪያ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ነይ።»

የቢሮው ሙዚየም አንዲት ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ ላይ የዓሣ ጦር፣ ከበሮ፣ አኝዋዎች በአውራ ጣት የሚመቱት ቶም የሚባለው መሣሪያና ለጥሎሽ የሚሰጥ ሰማያዊ ዶቃ ተደርድሯል። ኦፒየው ግን እነዚህን አላሳያትም። ከጥግ ሳጥን ጎትቶ አወጣ፤ ክዳኑን ሲያነሣው የሻጋታ ሽታ ተነሣ። ሳጥኑ ሙሉ ካሴት ነው። ክልሉ ከተቋቋመ ጊዜ ጀምሮ የቢሮው ሰዎች በየወረዳው እየዞሩ ሽማግሌዎችን ሲያናግሩ፣ ዘፈንና ተረት ሲቀዱ የቆዩት።

«ግማሾቹ ተናጋሪዎች አሁን በሕይወት የሉም» አላት። «በየክረምቱ እርጥበቱ ይበላዋል፤ በየበጋው ሙቀቱ ያቀልጠዋል። አንቺ ብትገለብጪውም ካሴት ካሴት ነው፤ በተሰማ ቁጥር ይሳሳል። ይሄ ግን አይሳሳም።» በአበባ ጥለት ጨርቅ የተሸፈነ ነገር ገለጠ። ኮምፒዩተር ነው፤ አዲስ፤ ፕላስቲኩ ገና ከላዩ አልተነሣም።

«ድምፅ ይይዛል?»

«ቁጥር አድርጎ ይይዘዋል። መቶ ጊዜ ብትሰሚው እንደ መጀመሪያው ነው። መቶ ጊዜ ብትገለብጪውም ያው ነው።»

ዘኪያ ጠጋ ብላ ማሽኑን ተመለከተችው። ስትቀዳ የኖረችው ነገር ሁሉ ከተቀዳበት ያነሰ ነበር፤ የቅጂ ቅጂ ደግሞ የባሰ። የማይሳሳ ቅጂ ማሰብ አቅቷት «ታዲያ ለምን ጨርቅ ለበሰ?» አለችው።

ኦፒየው ሳቀ፤ የተከፋ ሳቅ ነው። የከተማው መብራት ከጀነሬተር ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሲመጣም እየዘለለ ነው። ኮምፒዩተሩን አንዴ ከፍተው ሊያቃጥሉት ነበር። ከቴፕ ወደ ኮምፒዩተር ድምፅ የሚያስገባውን ካርድ የሚያውቅ ሰው በቢሮው የለም። ደህና ቴፕም የለም።

«ደህና ቴፕ እኔ ጋ አለ» አለች ዘኪያ። «የማይዘል መብራት ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አለ፤ ሶላር ተክለዋል። ኮምፒዩተር የሚያውቅ ደግሞ ፑኝዶ አለ።»

ኦፒየው ተገርሞ አያት። ለዘኪያ ግን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ደንበኞቿ ናቸው። በከተማዋ ያለው ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊ መምህር ፓል በአኝዋና በኑዌር ቋንቋ የተዘመረ መዝሙርና ከሚሲዮን ዘመን የቀረ የሽማግሌዎች ንግግር በቁም ሣጥን ቆልፎበታል፤ ክሩ ሲበጠስ ለእሷ ያመጣል። ወንዶሰን የሚባለው የእርዳታ ድርጅት ቴክኒሻን ደግሞ ከፑኝዶ በመጣ ቁጥር የስደተኞቹ ትምህርት ቤት የቀዳውን ዘፈን ያስገለብጣታል። ሦስቱም ቤቶች ድምፅ ያከማቻሉ፤ ሦስቱም ድምፃቸው እየሞተባቸው ነው፤ አንዱም ስለ ሌላው አያውቅም።

«አንድ ላይ ብናስቀምጣቸውስ?» አለች።

ይህን ማለት ቀላል ነበር። ሰዎቹን በባህል ቢሮ ግቢ ማንጎ ዛፍ ሥር ማስቀመጥም ብዙ አልከበደም። ከተቀመጡ በኋላ ነው ነገሩ የከበደው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ «የቃልቻና የመንፈስ ዘፈን ከመዝሙራችን ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ሊቀመጥ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከቢሮው የመጡት ሰው የመንግሥት ንብረት ከግቢ አይወጣም አሉ። ወንዶሰን የስደተኞቹን ቃል ያለ ፈቃዳቸው አሳልፎ መስጠት እንደማይችል ተናገረ፤ እውነቱንም ነበር። ቃል በቃል ላይ ተደረበ። በመሃሉ አንድ ሰው፣ ክፉ ሳይሆን የልቡን ለመናገር፣ እንዲህ አለ፦

«ድምፁ የኛ ነው። ይቺ ደገኛ ናት። ነገ ሱቋን ዘግታ ወሎ ብትሄድ ማን ይጠይቃታል?»

ዘኪያ ፊቷ ጋለ። ኦፒየው ሊናገርላት አፉን ሲከፍት ከማንጎው ግንድ ሥር የተቀመጡት እማማ ኛጋይ ቀደሙት። ማን እንደጠራቸው የሚያውቅ አልነበረም፤ ወሬውን ሰምተው ከኒውላንድ ሠፈር በእግራቸው መጥተዋል። በኑዌርኛ ተናገሩ፤ መምህር ፓል ወደ አማርኛ መለሰው።

«የዋልን ድምፅ ፍየል ሲበላው እናንተ የት ነበራችሁ? እኔ ራሴስ የት ነበርኩ? የፍየሉ ባለቤት እኔው ነኝ።»

ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌም ጭምር። እማማ ኛጋይ አልሳቁም፤ ቀጠሉ።

«ከብት ያለው ሰው ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት አያሳድርም። የተወሰነውን ለአጎቱ፣ የተወሰነውን ለአማቹ ይሰጣል። በሽታ አንዱን በረት ቢመታ ዘር ይቀራል። ድምፁንም እንደዚያ አድርጉ።»

መምህር ፓል ይህን ሲተረጉም ድምፁ እየፈጠነ ሄደ፤ ነገሩ እየገባው ነው። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ሌላ ሆነ። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ካሴት እንደያዘ ይቀጥላል። ከኮምፒዩተር የሚወጣው ቅጂ ግን በሦስቱም ቤት ይቀመጣል። መዝሙሩ በመዝሙር ቦታ፣ ዘፈኑ በዘፈን ቦታ ይሆናል። የሞተ ሰው ድምፅ ቤተሰቡ ካልፈቀደ ለሕዝብ አይከፈትም። ስለ ዘኪያ ያን ጥያቄ ያነሣው ሰው ራሱ ቀድሞ ተነሥቶ «ሥራውን እሷ ትጀምረው» አለ። ዘኪያ በዚያን ቀን ወደ ሱቋ የተመለሰችው በእግሯ ይሁን በክንፍ አላወቀችውም።

ኮምፒዩተሩ በጋሪ ተጭኖ፣ ኦፒየው እንደ ሙሽራ ሚዜ ከጎኑ እየተራመደ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የመጻሕፍት ክፍል ሄደ። ዘኪያ ሁለቱን ምርጥ ቴፖቿን አመጣች። ወንዶሰን ከአዲስ አበባ ያስመጣውን የድምፅ ካርድ ገጠመ። ወንዶሰን ፈጣን ተናጋሪ፣ ቁጡ፣ ቶሎ የሚስቅ ሰው ነው፤ እጁ ሲሠራ አፉም ይሠራል።

«እንግዲህ ዘኪያ፣ ማጫወቻውን ተጫኚ። ማያውን እይ፤ ቴፑን አይደለም፣ ማያውን!»

ተጫነች። በጥቁሩ ማያ ላይ አረንጓዴ መስመር ተኝቷል። የሽማግሌው ድምፅ ሲጀምር መስመሩ ተንቀጠቀጠ፤ ተነሣ፤ እንደ ባሮ ወንዝ ማዕበል ከፍ ዝቅ አለ።

«ያ አላህ!» አለች ዘኪያ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና። «ድምፅ መልክ አለው!»

«የተነፈሰበትን አየሽ? ይቺ ትንፋሹ ናት» አላት ወንዶሰን።

ኦፒየው ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻለም። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ሽማግሌው የሚሉትን ከአኝዋኛ እየመለሰ ይነግራቸዋል፤ ራሱ መልሶ ይደነቃል። መምህር ፓል በበኩሉ የእያንዳንዱን ተናጋሪ ስምና መንደር ይጽፋል። በሥራው ላይ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ሌላው የማይችለው ነበር። ዘኪያ ኮምፒዩተር ነክታ አታውቅም፤ ወንዶሰን የተጣበቀ ክር ማላቀቅ አይችልም፤ ሁለቱም የሚሰሙት ምን እንደሚል አያውቁም። ሲሳሳቱ ይጨቃጨቃሉ፤ ሲሳካ ይጨባበጣሉ።

የበጋው ሙቀት ሲከር ማሽኑ እየጋለ ይቆም ጀመር። መምህር ፓል ጆንያ በውኃ ነክሮ መስኮቱ ላይ ሰቀለ፤ ነፋሱ በእርጥቡ ጆንያ ውስጥ ሲያልፍ ክፍሏ ቀዘቀዘች። ሥራውንም በማለዳ ጀምረው ፀሐይ ሳትጠነክር ማቆም ለመዱ። ያለቀው ሁሉ በሲዲ እየታተመ አንዱ ለቢሮው፣ አንዱ ለቤተ ክርስቲያኑ ተሰጠ፤ ሦስተኛውን ወንዶሰን ይዞት ወደ ፑኝዶ ይሄዳል። የሲዲ ማተሚያው ግን ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ። ሌላ እስኪመጣ ወንዶሰን ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ እያመጣ የተሠራውን ሁሉ በእሱ እየገለበጠ ይወስድ ነበር።

ከአንድ ዓመት ሥራ በኋላ የሙዚየሙ የድምፅ ክፍል የሚመረቅበት ቀን ተቆረጠ። ክረምት መግቢያ ነበር። ሕዝቡ እንዲሰማ የዘኪያ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ግቢው ውስጥ ተተከለ፤ ከየወረዳው ሰው ተጠራ። ለምርቃቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ዘኪያ በማለዳ ኮምፒዩተሩን ስትከፍት ከውስጡ «ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ» የሚል ድምፅ ሰማች። ማያው ጥቁር ሆኖ ቀረ። እሷ የድምፅ ሰው ናት፤ ይህ የሚሞት ነገር ድምፅ መሆኑን ማንም ሊነግራት አላስፈለገም።

ኦፒየው መጥቶ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። «ስንቱ ነው ሲዲ ላይ ያልታተመው?»

«አብዛኛው። ከካሴቱ እንደገና እንጀምር ብንል ሌላ ዓመት ነው።»

«የእማማ ኛጋይስ?»

«እሱም።»

ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ።

«የወንዶሰን በረት!» አለ ኦፒየው።

እየሮጡ ወደ እርዳታ ድርጅቱ ቢሮ ሄዱ። ከፑኝዶ ጋር የሚያገናኘው ሬዲዮ እየተንጫጫ የወንዶሰንን ድምፅ አመጣላቸው። «ዲስኩ እጄ ላይ ነው! ሁሉም አለ! ይዤው እመጣለሁ!» ዘኪያ ሬዲዮኑን ልትስመው ምንም አልቀራት። ግን ያን ቀን ዝናቡ ጀመረ፤ ሌሊቱን አላቋረጠም፤ በማግሥቱም ቀጠለ። የፑኝዶ መንገድ ጭቃ ሆነ። የወንዶሰን መኪና ከፑኝዶ መውጣቷ ተሰማ፤ የት እንደደረሰች ግን የሚናገር ጠፋ።

የምርቃቱ ጠዋት ግቢው ሞላ። ከኢታንግም ከጎግም ሰው መጣ፤ ከፑኝዶ ስደተኞች ዝናቡ ሳይጥል ቀድመው የገቡም ነበሩ። ዘኪያ ከድርጅቱ በውሰት የመጣውን ሌላ ኮምፒዩተር ገጥማ፣ ድምፅ ማጉያውን አዘጋጅታ፣ የግቢውን በር ታያለች። ኦፒየው ንግግር እያረዘመ ነው፤ ስለ ዓሣ ጦር ተናገረ፣ ስለ ከበሮ ተናገረ፣ እንደገና ስለ ዓሣ ጦር ተናገረ።

ከዚያ ከሩቅ የትራክተር ድምፅ ተሰማ።

ጭቃ የለበሰ ትራክተር ተሳቢውን እየጎተተ በበሩ ገባ። ተሳቢው ላይ የአቦቦ ገበሬዎች ቆመዋል፤ በመሃላቸው ወንዶሰን እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ ታቅፎ ይስቃል። ከጎኑ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ተሳቢውን ይዘው ቆመዋል።

«አባዬ!» አለች ዘኪያ።

አቶ አብዱልባሲጥ ከተሳቢው ወርደው ጫማቸውን አራገፉ። «ይህ ሰውዬ ከአቦቦ ማዶ ጭቃ ውጦት አገኘነው» አሉ። «መኪናህን ተውና ሕይወትህን አድን ብንለው ይህችን ላስቲክ ታቅፎ እምቢ አለ። ምንድን ነው ብንለው የሰው ድምፅ ነው አለን። የማን ብንለው የዘኪያ ሥራ ነው አለ። ታዲያ እንዴት እንተወው?»

ወንዶሰን ዲስኩን ገጠመ፤ ጣቱ ጭቃ ስለነበር ዘኪያ ኬብሉን ያዘችለት። ማያው በራ። ድምፅ ማጉያውን ከፍ አደረገች፤ በግቢው ላይ መጀመሪያ ቶም ተመታ፣ ቀጥሎ የአኝዋ አዛውንት ያረጀ ቀልድ አወሩና አኝዋው ሁሉ ሳቀ፤ ከፑኝዶ የተማሪዎች ዘፈን ሲመጣ ስደተኞቹ እየጮሁ ራሳቸውን ለዩ። የዋል ድምፅ ሲጀምር እማማ ኛጋይ እጃቸውን እንደ ቀንድ አነሡ፤ በዚህ ጊዜ ግን ብቻቸውን አልነበሩም፤ የኑዌር ወጣቶች ከኋላቸው ተሰልፈው መሬቱን ረገጡት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሳያስቡት በእግራቸው ምት ይዘው ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ እማማ ኛጋይ ላባቸውን እየጠረጉ ዘኪያ ጋ መጡ። ከጎኗ የቆሙትን ሽማግሌ አዩ።

«አባትሽ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«የእሱ ድምፅ የት አለ? ሳጥኑ ውስጥ አለ?»

የሁሉንም ሰው ድምፅ ስትሰበስብ የአባቷን አንድም ቀን አስባው አታውቅም። «የለም» አለች ዝቅ ብላ። «እኛ ከሌላ አገር ነን ብዬ...»

«ስንት ክረምት በላህ እዚህ?» ብለው እማማ ኛጋይ አቶ አብዱልባሲጥን ጠየቁ።

«ቁጥሩ ጠፍቶኛል፣ እቴ፤ የቀረው ዕድሜዬም እዚሁ ነው።»

«እንግዲያስ ዝፈን።»

አቶ አብዱልባሲጥ ሳቁ፤ አፈሩ፤ ወደ ልጃቸው አዩ። «እኔ ዘፋኝ አይደለሁም፤ የማውቀው መንዙማ ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

መምህር ፓል ወንበር አቀረበላቸው። ኦፒየው ከበሮውን ከሙዚየሙ ግድግዳ አውርዶ አመጣ። ዘኪያ ማይክሮፎኑን ያዘችላቸው። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። የአቦቦ ገበሬዎች ከተሳቢው ላይ ተቀበሏቸው፤ ጭብጨባው ወደ ግቢው ወረደ፤ ቃሉን የማያውቀውም ሰው ጭብጨባውን ያዘው። ወንዶሰን ከማያው ዓይኑን ሳያነሣ «እየገባ ነው! ሁሉም እየገባ ነው!» ይላል። ዘኪያ ማያው ላይ የአባቷን ትንፋሽ አየችው፤ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ከፍ ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ዕንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም፤ እጇ ላይ ማይክሮፎን ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ተስፋፋ። ቢሮው ለድምፅ ክፍሉ የራሱ ሶላር አስተከለ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ክፍሉን መልሶ አልወሰደም፤ ሁለተኛ የሥራ ቦታ ሆነ። ፑኝዶ ውስጥ ወንዶሰን ከስደተኛ ተማሪዎች ጋር የራሱን ማዕዘን ከፈተ። ማሽን ሲበላሽ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ዕቃ በጋሪ፣ በመኪና፣ አንዳንዴም በትራክተር ይሄዳል። ይህን የእኔ፣ ያንን የአንተ የሚል ጭቅጭቅ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሰው ናቸውና። ጭቅጭቁ ግን የሚደረገው አንድ ማንጎ ሥር ተቀምጦ ሆነ። ዘኪያ የካሴት ሱቋን አልዘጋችም፤ ከሰዓት በኋላ ትከፍተዋለች። ጠዋት ጠዋት «የድምፅ ባለሙያ» ተብላ ቢሮው ውስጥ ትሠራለች፤ ኮምፒዩተር ለመማር ከሌሎች ወረዳዎች የሚመጡትም ወደ እሷ ይላካሉ።

ውኃው ሞልቶ ጀልባ በደህና በሚሄድበት ወቅት ማታር በምትባል የድንበር ከተማ ከማዶ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ መኖሩን መምህር ፓል ነገራት። እዚያ የሚዘፈነውን ማንም ቀድቶት አያውቅም። ዘኪያ በሕይወቷ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር። ባትሪውን በላስቲክ ጠቅልላ፣ መቅጃውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ኦፒየውንና መምህር ፓልን ከፊትና ከኋላ አስቀምጣ በባሮ ላይ ቁልቁል ወረደች። መጀመሪያ ላይ የጀልባዋን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ማታር ሳይታይ በፊት ግን ከውኃው ላይ የከበሮ ድምፅ መጣ። ዓይኗን ከፈተች፤ ጠርዙን ለቀቀች።

«ጀልባውን አፍጥኑት!» ብላ ጮኸች። «ጀምረዋል፣ ሳልቀዳው እንዳይጨርሱት!»